ቅጠል የሌለው ተክል ምግቡን ማን ይሠራለታል?

ጥያቄ፦ «ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ ላይ ‹ሥር ውኃ ይመጥጣል፣ ግንድ ይሸከማል፣ ቅጠል ምግብ ይሠራል› የሚል ሰንጠረዥ አለ። ‹ታዲያ ቁልቋል ቅጠል ከሌለው ምግቡን ማን ይሠራለታል?› አለችኝ። ‹ሥሩ ከአፈር ያመጣለታል› ብዬ መለስኩላት። ቀጥላ ‹ድንች አፈር ውስጥ ሆኖ ለምን ሥር አይባልም?› ስትለኝ ግን ዝም አልኩ። ሰንጠረዡ ስህተት ነው? አንድን የተክል ክፍል ሥር ነው፣ ግንድ ነው፣ ቅጠል ነው ለማለት መለያው ምንድን ነው?»

መልስ፦ ሰንጠረዡ አልተሳሳተም። የተለመደውን ብቻ ነው የሚናገረው። ልጅዎ ደግሞ ከተለመደው የወጡ ሁለት ተክሎችን ለይታ መጣችብዎት፤ ጎበዝ ናት። አጭሩን መልስ ላስቀድም። የቁልቋልን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴው ግንዱ ነው። ድንች ደግሞ አፈር ውስጥ ቢቀበርም ግንድ ነው። ለምን? ለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርገን ማየት አለብን።

በመጀመሪያ «ሥሩ ከአፈር ያመጣለታል» ያሉትን እናንሳ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ግን እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ የጥንት ሊቃውንትም እንደዚያ ይሉ ነበር። ሥር ከአፈር የሚያመጣው ውኃና ማዕድን ነው። ምግብ የምንለው፣ ኃይል የሚሰጠውና አካል የሚገነባው ስኳር ግን ከውኃ፣ እንዲሁም አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚሠራው። ሥራው ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃኑን የሚይዘው ደግሞ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ነው።

ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል ሐኪም ይህን ነገር በሚዛን ሊፈትነው ሞከረ። አንድ የአኻያ ችግኝ ተክሎ 5 ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ጨመረ። አፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም እንኳ አልሞላም። ውጤቱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። ቫን ሄልሞንት «እንግዲያው ዛፉ የተሠራው ከውኃ ብቻ ነው» ብሎ ደመደመ። ግማሹን አገኘ ማለት ነው። የአየሩ ድርሻ እስኪታወቅ ገና ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ስለዚህ አረንጓዴ የሆነና ብርሃን የሚያገኝ ክፍል ሁሉ ምግብ ሊሠራ ይችላል። የግድ ቅጠል መሆን የለበትም።

አሁን ወደ መለያው እንምጣ። የሰንጠረዡ ጉድለት ክፍሉን በሥራው መለየቱ ነው። እኛ የእፅዋት ሰዎች «ምን ይሠራል?» ብለን አንጀምርም። «የት ላይ በቀለ? እሱስ ላይ ምን ይበቅላል?» ብለን ነው የምንጀምረው። ሥራ ከተክል ተክል ይቀያየራል። አቀማመጥ ግን እምብዛም አያሳስትም።

ግንድ አንጓ አለው። አንጓው ላይ ቅጠል ይወጣል። በቅጠሉ ብብት፣ ማለትም ቅጠሉና ግንዱ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ አንዲት እምቡጥ ትቀመጣለች። ከእሷ ቅርንጫፍ ወይም አበባ ይወጣል። ይህ ቅደም ተከተል አበባ በሚያብቡ እፅዋት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነው። ሥር አንጓ የለውም። ቅጠልም አይወጣበትም። ጫፉ ላይ አፈር እየገፋ ሲሄድ እንዳይቆስል የሚከላከልለት ቆብ አለው። የጎን ሥሮቹም ከላዩ ቆዳ አይበቅሉም፤ ከውስጥ ተነሥተው ቆዳውን ሰንጥቀው ነው የሚወጡት። ቅጠልን ደግሞ ከበስተላዩ ባለችው እምቡጥ ያውቁታል። እምቡጥ በብብቱ ካለ ቅጠል ነው። እሱ ራሱ በሌላ ቅጠል ብብት ውስጥ ከተቀመጠ ግን ቅርንጫፍ ነው።

በዚህ መለያ ድንችን ይመርምሩት። ዓይኖቹን ይዩ። እያንዳንዱ ዓይን አንጓ ነው። ከዓይኑ አጠገብ ቅንድብ የምትመስል ጠባሳ አለች፤ እሷ በጣም ያነሰች የቅጠል ምልክት ናት። ዓይኑ ውስጥ ያለው እምቡጥ ነው። ዓይኖቹ ዝም ብለው አልተበተኑም፤ ድንቹን እየዞሩ በጠመዝማዛ መስመር ነው የተቀመጡት፤ ቅጠል ግንድ ላይ እንደሚደረደረው ማለት ነው። ድንቹ የበቀለውም ከዋናው ግንድ ተነሥቶ አፈር ውስጥ ወደ ጎን በሚሄድ ቀጭን ግንድ ጫፍ ላይ ነው። ብርሃን ላይ ቢያቆዩት አረንጓዴ ይሆናል። ስኳር ድንች ግን በስም ቢቀራረብም እውነተኛ ሥር ነው፤ ዓይንም አንጓም የለውም። ካሮትም ሥር ነው። ዝንጅብል ግንድ ነው፤ ቆዳው ላይ የሚታዩት ቀለበቶች አንጓዎቹ ናቸው።

ቀይ ሽንኩርት ይበልጥ ያስገርማል። ከላይ ወደ ታች ለሁለት ቢከፍሉት ከታች ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለ ነገር ያገኛሉ። ግንዱ እሱ ነው፤ በቃ ያችው ናት። ከበታቿ ክር መሳይ ሥሮች ይወርዳሉ። ከላይ የተደራረበው ወፍራሙ ነገር ሁሉ ምግብ ያጠራቀመ የቅጠል እግር ነው። የሙዝ ግንድ የምንለውም ግንድ አይደለም። የቅጠሎች እግር ተጠቅልሎና ተደራርቦ የተሠራ ምሰሶ ነው፤ እንሰትም እንዲሁ። የሙዝ እውነተኛ ግንድ መሬት ውስጥ ነው ያለው። ብቅ የሚለው አበባ ሊያወጣ ሲል በዚያ የቅጠል ጥቅል መሀል አልፎ ነው።

ምግብ ማጠራቀም እንግዲህ የአንድ ክፍል ሥራ አይደለም። ድንች ለግንዱ ሰጠው፣ ካሮት ለሥሩ፣ ሽንኩርት ለቅጠሉ። ሥራውን ማን እንዲወስድ የሚወስነው የተክሉ የዘር ሐረግና የሚኖርበት ቦታ ነው። መኖሪያው አንድ ችግር ያመጣል፤ ተክሉ ደግሞ ካሉት ጥቂት ክፍሎች አንዱን ለዚያ ችግር ይመድባል። ይህ በአንድ ተክል ዕድሜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ በብዙ ሺህ ትውልድ የሚሠራ ነው።

በረሃን እንውሰድ፤ ቁልቋሉም ያለው እዚያ ነው። ቅጠል በጣም ውድ ዕቃ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲገባ ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን መክፈት አለበት። ሲከፍታቸው ውኃው ይተናል። በአብዛኛው ተክል ከሥር ከሚመጠጠው ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ዝናብ በሞላበት አገር ይህ ኪሳራ አይደለም፤ እንዲያውም ውኃን ከሥር እስከ ጫፍ የሚስበው ይኸው ትነት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ115 ሜትር በላይ የሆነ የሬድዉድ ዛፍ አለ፤ ጫፉ ላይ ውኃ የሚደርሰው ያለ አንዳች ፓምፕ፣ ትነቱ ወደ ላይ እየሳበው ነው። በረሃ ላይ ግን ሰፊ ቅጠል መዘርጋት ሞትን መጥራት ነው።

ስለዚህ ካክተስ የሚባሉት ቁልቋሎች (እንደ በለስ ያሉት) ቅጠላቸውን ወደ እሾህ ቀየሩት፤ ምግብ የመሥራቱን ሥራ ለግንዱ አስረከቡት። ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ከይዘቱ አንጻር ለፀሐይ የሚጋለጠው ቆዳ ትንሽ ነው። ሸንተረሮቹም እንደ ዣንጥላ እጥፋት ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ተዘርግተው ውኃ ይይዛሉ፣ ሲደርቅ ይሰበሰባሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን የሰዓት ለውጡ ነው። ቀዳዳዎቻቸውን የሚከፍቱት ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስገብተው በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል። ቀን ላይ ቀዳዳውን ዘግተው፣ በፀሐይዋ ብርሃን ከዚያ ካጠራቀሙት ስኳር ይሠራሉ። የእንዲህ ያለ ተክል ጭማቂ ጠዋት ላይ ከማታው ይልቅ ይኮመጥጣል።

ማስረጃው በለስ ላይ በዓይን ይታያል። ጠፍጣፋው ነገር ቅጠል ይመስላል፤ ግን ግንድ ነው። ገና ለጋ ሳለ ላዩ ላይ ትናንሽ፣ ሾጠጥ ያሉ፣ ለስላሳ ነገሮች ይታያሉ። እውነተኛ ቅጠሎቹ እነሱ ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ይረግፋሉ።

በነገራችን ላይ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው ረጅሙ ቁልቋል ከካክተስ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ካክተሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው። ወተታሙ ቁልቋል ዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን ነው፤ ብዙዎቹ ወፍራም ዘመዶቹም አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ በተለያየ አህጉር፣ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ተገኙ። ድርቅ ያንኑ ፈተና ሁለቴ ሰጠ፤ ሁለቱም ያንኑ መልስ ጻፉ። እኔ ስለ መኖሪያ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

እሾህን ካነሳን አይቀር፣ እሾህ ሁሉ አንድ አይደለም። የካክተስ እሾህ ቅጠል ነው። የሎሚ እሾህ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ስለሚበቅል ቅርንጫፍ ነው። የግራር ነጭ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከቅጠሉ እግር ግራና ቀኝ ይወጣል፤ በብዙ ተክሎች እዚያ ቦታ ላይ የሚገኙት ትናንሽ ቅጠል መሳይ አካላት ናቸው እሾህ የሆኑት። የጽጌረዳው ደግሞ ሥርዓት የለውም፤ ግንዱ ላይ የትም ይበቅላል፣ በአውራ ጣት ገፋ ቢያደርጉት ተገንጥሎ ይወድቃል። እሱ የቆዳ ውጤት ብቻ ነው። ሥራቸው አንድ፣ ምንጫቸው አራት።

የበረሃ ሥር ደግሞ ሁለት ተቃራኒ መንገድ አለው። በሰሜን አሜሪካ ያለው የሶኖራ በረሃ ግዙፍ ካክተስ ሳጉዋሮ አብዛኛው ሥሩ ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ፣ ቁመቱን ያህል ወደ ጎን ይዘረጋል። ድንገት የጣለች ዝናብ ሳትተን ይሻማታል። በደቡባዊ አፍሪካ፣ በካላሃሪ በረሃ የሚበቅለው ቦሺያ የሚባለው ዛፍ ግን ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ሥሩ 68 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። አንዱ የዝናብ ነው፣ አንዱ የከርሰ ምድር ውኃ።

ከበረሃ ወደ ውኃ እንግባ። እዚህ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ውኃ ሞልቷል፣ አየር ነው የጠፋው። የውኃ አበባ ቅጠሉ ውኃው ላይ ስለሚተኛ ቀዳዳዎቹ ከላይ በኩል ናቸው። አብዛኛው የየብስ ተክል ግን በብዛት ከታች ነው የሚያስቀምጣቸው። ከቅጠሉ እስከ ጭቃው ድረስ ባዶ የአየር ቧንቧዎች ይወርዳሉ፤ ጭቃ ውስጥ ያለው ክፍል የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ሙሉ በሙሉ የሰጠሙ ተክሎች አብዛኞቹ ስቶማታም የላቸውም፤ ግንዳቸውም ልፍስፍስ ነው፤ ውኃው ራሱ ይሸከማቸዋል። «ግንድ ይሸከማል» የሚለው እዚህ አይሠራም። እንቦጭን የሚያንሳፍፈው እንደ ፊኛ ያበጠው ነገር ደግሞ ቅጠሉን የያዘው ዘንግ ነው። ዎልፊያ የምትባለው፣ ከአበባ አብቃዮች ሁሉ ትንሿ፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ተክል ሥር የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም። በዙሪያዋ ሁሉ ውኃ ሳለ ምን ሊረባት?

የባሕር ዳርቻ ጭቃ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። አየር የለውም፣ ላዩ ጨው ነው፣ ማዕበል ይገፋል። ማንግሮቭ ዛፎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ከግንዱ ላይ አውጥተው እንደ ምሰሶ ይተክሉታል። አቪሴኒያ የሚባለው ደግሞ ከጭቃው ወደ ላይ፣ ወደ አየር የሚያድጉ ብዙ ሥሮች አሉት። ሥር ወደ ታች ብቻ ያድጋል የሚለውን እዚህ ይርሱት። እነዚህ ሥሮች መተንፈሻ ናቸው። ጨውን በተመለከተ ብዙዎቹ ገና ሥራቸው ላይ ያግዱታል፤ አቪሴኒያ የተረፈውን በቅጠሉ በኩል ያወጣዋል፣ ቅጠሉን ቢልሱት ጨው ጨው ይላል።

ልጅዎን በጣም የሚያስደስታት ግን ይኼ ይመስለኛል። በፍሎሪዳና በኩባ ረግረጋማ ደኖች ውስጥ «የሙት መንፈስ ኦርኪድ» የምትባል ተክል አለች። ሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፋ ነው የምትኖረው። ቅጠል የላትም። ግንዷ ከቁብ አይቆጠርም። ያላት ነገር ሥር ነው፤ ሥሯ ደግሞ ዛፉ ላይ ተዘርግቶ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ምግብ ይሠራል። በሰንጠረዡ መሠረት የማይሆን ነገር ነው። በብርሃኑና በክሎሮፊሉ መሠረት ግን ምንም ችግር የለውም።

ነፍሳት የሚያጠምዱ ተክሎችም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራሉ። ቬነስ ፍላይትራፕ ዝንብ የምትይዘው ርቧት አይደለም። ስኳሯን እንደማንኛውም አረንጓዴ ተክል ራሷ ትሠራለች። የምትኖረው በአሜሪካ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና፣ ናይትሮጅን በጣም በሚያንስበት ድሃ መሬት ላይ ነው። ከዝንቡ የምትፈልገው ያንን ነው። ወጥመዱ ቅጠሏ ነው። ማዕድን ማምጣት የሥር ሥራ ነበር፤ አፈሩ ባዶ ሲሆን ቅጠሉ ተረከበው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በደቡባዊ አፍሪካ እሳት በየጊዜው በሚያልፍበት ሣራማ መሬት ላይ፣ እንጨታማ ግንዳቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው ቀንበጣቸውን ብቻ ብቅ የሚያደርጉ ተክሎች አሉ። እሳት ያልፋል፣ እነሱ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ከፍተኛ ተራራ ላይ የሚበቅለው ጅብራ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው የሚያገኘው፤ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መሀል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናል። አቀንጭራ ሥሩን ከሌላ ተክል ሥር ጋር አጣብቆ ይዘርፋል። ኩስኩታ ደግሞ ቢጫ ክር ብቻ ነው፤ ተሸካሚውን ካገኘ በኋላ የራሱ ሥር ይሞታል። የመጨረሻው ጫፍ ራፍሌዥያ ነው። በሱማትራና በቦርኒዮ ደኖች ይኖራል። ሥር የለውም፣ ግንድ የለውም፣ ቅጠል የለውም። በሌላ ተክል አካል ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቶ ይኖርና አንድ ቀን አበባ ያወጣል፤ የአንዱ ዝርያ አበባ ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁሉን ነገር ጥሎ አበባውን ግን አልጣለም። መራባት ለሌላ አይሰጥማ!

አበባ ራሱ ምንድን ነው ካሉኝ፣ የተጨመቀች አጭር ቀንበጥ ናት። ጀርመናዊው ገጣሚና ተመራማሪ ገተ እ.ኤ.አ. በ1790 የአበባ ክፍሎች የተለወጡ ቅጠሎች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ የዘረ መል ተመራማሪዎች አንዲት ትንሽ የጎመን ዘመድ ላይ ሦስት ዓይነት ዘረ መሎችን ሲያበላሹ፣ የአበባዋ ክፍሎች በሙሉ ቅጠል መሳይ ሆነው ወጡ። የቡገንቪሊያ ደማቅ ሐምራዊ ነገር ግን አበባ አይደለም፤ ሦስት ቅጠሎች ናቸው። አበባዎቹ መሀል ላይ ያሉት ትናንሽ ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው።

እንግዲህ የቤት ሥራው ላይ ምን ትጻፍ? ሰንጠረዡን እንዳለ ትሙላው። አብዛኛው ተክል እንደዚያ ስለሆነ አስተማሪዋ የሚጠይቃትም እሱን ነው። ከታች አንድ መስመር ትጨምርበት፦ «ቁልቋል ላይ ምግብ የሚሠራው ግንዱ ነው፤ ድንች ምግብ ያጠራቀመ ግንድ ነው።» ክርክር ከተነሣ ዓይኖቹን ታሳይ።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጋችሁ ሁለት ድንች ይበቃል። አንዱን ብርሃን በሚገባበት መስኮት ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ጥቂት ሳምንት ታገሡ። ጨለማ ውስጥ ያለው ረጃጅም፣ ነጭ፣ ቀጫጭን ቀንበጦች ያወጣል። ቅጠላቸው በጣም ትንሽ ነው፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ግን ረጅም ነው። ብርሃን ፍለጋ ያለውን ስንቅ ሁሉ ቁመት ላይ አዋለው። መስኮቱ ላይ ያለው ቀንበጡ አጭርና ወፈር ያለ ይሆናል፣ ድንቹም ራሱ አረንጓዴ ይለብሳል። በማስመሪያ ለኩና አንጓዎቹን ቁጠሩ። ሥር ቢሆን ኖሮ የምትቆጥሩት አንጓ አይኖርም ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ። አረንጓዴ የሆነውንም ሆነ የበቀለውን ድንች ሙከራው ሲያልቅ እንዳትበሉት። አረንጓዴው ቀለም በራሱ አይጎዳም፤ ግን ብርሃን ያገኘ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ አብሮ ያበዛል፣ መቀቀልም አያጠፋውም። አፈር ውስጥ ትከሉት፤ ይበቅላል።